ግልጽ ደብዳቤ ለክቡር «ሲስተም የለም»

ቀን፦ ታኅሣሥ 28 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለክቡር ሲስተም የለም
ባሉበት
ጉዳዩ፦ በዓሉ በዓል በዓል አልሸት ማለቱን ስለማሳወቅ

ክቡርነትዎ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጤናም አለኝ፣ ሥራም አለኝ፣ ገንዘብም አለኝ። ገንዘቡ የት እንዳለ ግን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስታውስዎ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል። ድሮ ሜዳ ላይ ገና ሲመታ፣ ሎሌው የጌታውን ቅልጥም በዱላ ቢያገኘው ለዚያች ቀን አይጠየቅም ነበር። የዘመኑ ጌታ ደግሞ እርስዎ ነዎት። ባለሀብቱም ቀን ሠራተኛውም መስኮት ላይ ሲደርስ እኩል አንገቱን የሚደፋልዎት ሌላ ማን አለ? ስለዚህ ዛሬ ዱላዬን ይዤ ብመጣ እንዳይቀየሙኝ። ዋዜማ ነው።

ሰሞኑን ሰው ሲገናኝ ሰላምታው አንድ ሆኗል። «ዘንድሮ በዓል በዓል አይሸትም፣ አይደል?» ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ ሁሉም የየራሱን ምክንያት ያወጣል። አንዱ ኑሮው ነው ይላል። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ ቅቤውም ሽንኩርቱም ዶላር የሚከታተል ይመስላል፣ ምን ይባላል። ሌላው የፈረንጁን ገና ይከስሳል። እሱም እውነት አለው። ጾሙ ገና ሳይጋመስ ካፌው ሁሉ የፕላስቲክ ጽድ ገትሮ ጥጥ ይበትንበታል፤ የነሱ በዓል ታኅሣሥ 16 ላይ ሲያልፍ ጽዱ እዚያው ይቀራል፤ የእኛ 29 ሲደርስ ጥጡ የማኪያቶ ቀለም ይዟል። ሦስተኛው ደግሞ «አደግና፣ በዓል የልጅ ነው» ብሎ ይገላገላል።

እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ከሦስቱ አንዱን እያነሳሁ ነበር የከረምኩት። እቤት ሽንኩርት ይከተፋል፣ ከጎረቤት የጠላው ሽታ በመስኮት ይገባል፣ እኔ እንደ አዘቦት ቀን እግሬን ሰቅዬ ዜና አያለሁ። ሆዴ ውስጥ የሚነሳ ነገር የለም። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ግን ምክንያቱን በስም አውቀዋለሁ። እርስዎ ነዎት።

ዘንድሮ ገና ረቡዕ ላይ ዋለ። ረቡዕ ቢሆንም ይበላል፤ ገናና ጥምቀት ረቡዕም ዋሉ ዓርብ አይጾሙም። ከኅዳር 15 ጀምሮ ከሽሮ ጋር ሲፋጠጥ ለከረመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ፍትሐ ነገሥት የፈቀደልኝን ዶሮ ግን እርስዎ ከለከሉኝ። ከፍትሐ ነገሥት በላይ ሥልጣን እንደተሰጥዎት የነገረኝ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማለዳ ሾላ ገበያ ሄድኩ። ዋዜማ ላይ ሾላን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ መሄድ ሳይሆን መገፋት ነው። ከግፊያው መሃል አንድ ጎረምሳ ዶሮዎቹን እግር ለእግር አስሮ ዘርግቷል። ከመሃላቸው አንድ ገብስማ አውራ ዶሮ አየሁ። ክንፉን ገልጬ ደረቱን ዳበስኩ፣ ሥጋ አለው። ወደ ላይ አንስቼ በእጄ መዘንኩት፣ ይከብዳል። አንገቱን ቀና አድርጎ በአንድ ዓይኑ አየኝ። ከዶሮው ጋር ተስማማን፣ የቀረው ከባለቤቱ ጋር ነው። 2,500 አለ። 1,800 አልኩ። ሳቀ። ሄድ መለስ አልኩ፣ እሱም አልጠራኝም፤ ራሴ ተመለስኩ። 2,200 ላይ ቆረጥን። እግሩ የታሰረበትን ሲባጎ ጣቴ ላይ ጠቅለል አድርጌ ያዝኩ። እመኑኝ፣ ያን ጊዜ፣ ለዚያች ደቂቃ ብቻ፣ በዓል ሸተተኝ።

ልጁ የሒሳብ ቁጥሩን በማርከር ካርቶን ላይ ጽፎ አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል። ካሽ በኪስ ይዞ መዞር ቀረ፣ ዲጂታል ሆነናል አይደል? ላክሁ። ስልኬ ወዲያው ጮኸ። «ከሒሳብዎ ብር 2,200 ተቀንሷል።» የአገልግሎት ክፍያውም ከነቫቱ ተቀንሷል፣ እሱ መቼም አይረሳም።

የልጁ ስልክ ዝም።

«ጋሼ፣ አልገባም።»

«እንዴ፣ ከእኔ ላይ ወጥቷል እኮ! ይኸው፣ እየው።»

«እሱን ይተዉት ጋሼ። ሜሴጅ ለኔ ካልመጣልኝ አላውቅም። ባለፈው በዓል በስክሪንሾት ዶሮ ወስደውብኛል።»

«ይህ ስክሪንሾት አይደለም፣ ከባንክ የመጣ ሜሴጅ ነው!»

«እነሱም እንደዚሁ ነው ያሉኝ።»

ጠበቅን። ልጁ ሌላ ደንበኛ ያስተናግዳል፣ እኔ ዶሮ ይዤ ቆሜያለሁ። አንዱ መካሪ «እዚያ ድንጋይ ላይ ውጣ፣ እዚያ ጋ ኔትወርክ አለ» አለኝ። ወጣሁ። ክቡርነትዎ፣ ይህን በደንብ ይሳሉት። የልጆች አባት የሆነ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም የሚለብሰውን ኮት ለብሶ፣ ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ስልክ ወደ ሰማይ ዘርግቶ፣ በሌላው እጁ ቁልቁል የተዘቀዘቀ ዶሮ ይዞ፣ «እባክህ ግባ፣ እባክህ ግባ» እያለ ያጉተመትማል። የሚያልፈው ሁሉ ያየኛል። አንዲት ነጠላ ያጣፉ እትዬ ከኋላዬ ሆነው፣ ለኔ ሳይሆን ለገበያው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ፣ «አቤት አምላኬ! ዘንድሮ ደግሞ በሽበትም ማጭበርበር ተጀመረ?» አሉ። ሰው ሳቀ። ልጁ እንኳ ሳቀ። እኔም የምሆነው ጠፍቶኝ አብሬ ሳቅሁ።

በዚህ መሃል አንድ ሰውዬ መጣ። ዶሮውን በእጄ ላይ እንዳለ ደረቱን ዳበሰ። በእኔ እጅ ላይ! ከዚያ ከኪሱ አዲስ ባለ ሁለት መቶ አወጣና ምራቁን እየነካ ቆጠረ፣ አሥራ አንድ። ጎረምሳው ብሩን ተቀብሎ ወደ እኔ ዞረ።

«ጋሼ፣ ዶሮውን ይስጡኝ።»

በአክብሮት ነው ያለኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ቢሰድበኝ እሰድበው ነበር። ልስጥ ስል ደግሞ ሲባጎው ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ አልፈታ አለ። ልጁ ይጎትታል፣ ሰውየው ይጎትታል፣ ዶሮው ይጮኻል፣ ሦስታችን ተጋግዘን ፈታነው። ጣቴ አሁንም ቀይ መስመር አለበት። ሰውየው ዶሮዬን አንጠልጥሎ «መልካም በዓል» አለኝ። «ለእርስዎም» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ከዚያ ወደ ቤተ መንግሥትዎ፣ ማለቴ ወደ ቅርንጫፉ፣ ሄድኩ። የትኛው ባንክ እንደሆነ አልናገርም፤ እርስዎ በሁሉም ዘንድ ስለሚኖሩ ልዩነት የለውም። በሩ ሲከፈት ዓይኔን አላመንኩም። ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ጥግ ላይ ረከቦት፣ ጀበና፣ የዕጣን ጭስ። ሠራተኞቹ በሙሉ የሀበሻ ልብስ ለብሰዋል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ጽድ አለ። እኔ ቤት የጠፋው በዓል እዚህ ተደብቆ ነበር! የተራ ቁጥር የሚሰጠው ማሽን ብቻ በዓል አላከበረም፣ ሞቷል። ጥበቃው በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ቁጥር እየጻፈ ያድላል።

ተራዬ ደረሰ። ነገርኳት። ልጅቷ ደግ ናት፣ በሷ አልፈርድም።

«ጋሼ፣ ሲስተም የለም።»

«መቼ ነው የሚመጣው?»

«አሁን ነበረ። እርስዎ ሲገቡ ነው የጠፋው።»

ስደርስ ይሸሹኛል ማለት ነው። ብቻ የቅሬታ ማቅረቢያ ቅጽ ሰጠችኝ። ያን ቅጽ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ኮፒው እንደገና ኮፒ ተደርጎ ግማሹ ፊደል የጠፋው። የአያት ስም፣ የእናት ስም፣ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር፤ ለእነዚህ ሁሉ ሰፊ ሰፊ ቦታ አለ። «የቅሬታው ዝርዝር» ለሚለው ግማሽ መስመር። «ዶሮ ተወሰደብኝ» ብዬ ጻፍኩ፣ ከዚያ በላይ አይገባም። «እንደዚህ አይባልም ጋሼ፣ ‘ያልተሳካ ዝውውር’ ይበሉ» አለችኝ። አስተካከልኩ። የፋይዳ ካርዴን ኮፒ አምጣ ተባልኩ። ኮፒ ቤቱ መብራት የለውም። ሌላ ኮፒ ቤት። ተመልሼ ስመጣ ተራው እንደገና።

«ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀናት ይጠብቁ። ነገ በዓል ስለሆነ አይቆጠርም።»

እና ፈንዲሻ ዘገነችልኝ። በሶፍት። ገንዘቤን ስጠይቅ ፈንዲሻ ተሰጠኝ፣ ተቀበልኩም፣ ቃምኩትም፣ ምክንያቱም ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። እየቃምኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ገባ ብዬ ዘለልኩ። «ክቡር ደንበኛችን፣ እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰዎ!» ይላል። በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ይህ አይዘገይም። ይህ አይጠፋም። የሚስጥር ቁጥር ላክልኝ ሲባሉ ግማሽ ሰዓት የሚያስጠብቁት እርስዎ፣ ለመልካም ምኞት ጊዜ ግን እንዴት ፈጣን ነዎት!

እስከዚህ ድረስ እየሳቅሁ ልጽፈው አስቤ ነበር። ግን ከኔ ቀጥሎ ወረፋ ላይ የነበሩ አንዲት እናት አሉ። በእጃቸው የታጠፈ ፌስታል ይዘዋል፣ ከባንክ ወጥተው በዚያው ገበያ ሊሄዱ። ዓረብ አገር ያለች ልጃቸው ለበዓል ልካላቸዋለች። ቁጥሩና ስሙ የተጻፈበትን ወረቀት በመሐረብ ጠቅልለው ይዘዋል፣ ማንበብ ስለማይችሉ የሚያልፈውን ሁሉ «ልጄ፣ እስቲ እየው፣ ትክክል ነው?» እያሉ ያሳያሉ። ትክክል ነበር። ቁጥሩም ስሙም። «እማማ፣ ሲስተም የለም፣ ከበዓል በኋላ ይምጡ» ተባሉ። «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው አመስግነው ወጡ። ፌስታሉን ሳይፈቱ።

እሳቸው ላይ መሸሞጥ አልችልም። ከዚህ በኋላ አንቱታውም ይቅርብህ።

የሰው ልጅ ሰው ቤት ቆሻሻ እየጠረገች፣ በሰው አገር እንቅልፍ አጥታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ በየትኛው ቀን ነው የምትከለክለው? ሌላ ቀን አልነበረም? ዓመቱን ሙሉ ጥቅምት ውስጥ፣ የካቲት ውስጥ፣ ማንም በማይፈልግህ ማክሰኞ ከሰዓት ብትጠፋ ማን ይከለክልህ ነበር? ሰው ሁሉ የሚያወጣው በበዓል ዋዜማ መሆኑ ድንገት የመጣ ምስጢር ነው? ገና የዘንድሮ ፈጠራ አይደለም። ቀኑ ይታወቃል። ታኅሣሥ 29 ነው፣ ጳጉሜን 6 ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ይሆናል። የአጥቢያው ዲያቆን የሚያውቀውን አንተ አታውቅም?

ሌላም አለኝ። በመጋቢት 2016 አንድ ሌሊት አንድ ትልቅ ባንክ ውስጥ ሳትክና ለሰው ሒሳቡ ላይ የሌለውን ገንዘብ ማደል ጀመርክ። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ያኔ ማንም ከ3 እስከ 5 የሥራ ቀናት አላለም። መልሱ ተባለ፤ ሳይመልሱ የቀሩት ስማቸውና ፎቶአቸው አደባባይ ወጣ። ልክ ነው፣ የሰው ገንዘብ ነው፣ ይመለስ። የእኔስ የማን ነው? ከኔ ወጥቷል፣ ልጁ ጋ አልደረሰም። እኛ ስንሳሳት ፎቶአችን ይለጠፋል። አንተ ስትሳሳት የአንተ ፎቶ የት ነው የሚለጠፈው? ቁልቁል የተዘቀዘቀ ዶሮ ይዤ ድንጋይ ላይ የቆምኩባትን ሰዓት በየትኛው ቅጽ ነው የማስመልሳት?

እሺ። ውኃ ጠጣሁ። ወደ አንቱታችን እንመለስ።

ክቡርነትዎ፣ ቂም የያዝኩብዎ ዛሬ ብቻ እንዳይመስልዎ። ባለፈው ፋሲካ የመብራት ካርድ ልሞላ ሄጄ የለሁም ብለውኝ፣ ዶሮ ወጡን በሻማ የበላነው እርስዎ ባሉበት ዘመን ነው፤ ባለቤቴ እንቁላሉን አጥታ በጭልፋ ስትፈልግ፣ ልጆቹ ልደት መስሏቸው ሻማውን እፍ ሲሉት፣ እንግዳ የጠራናቸው አማች ደግሞ በጨለማ የያዙት አንገት ይሁን ፈረሰኛ ሳያውቁ በልተው «እግዜር ይስጥልኝ» ሲሉ፣ እርስዎ ፋሲካ ማግስት ሰኞ ድረስ አልተመለሱም ነበር። ነዳጅ ማደያም አግኝቼዎታለሁ፤ መኪናዬን ከኋላ የገፋት ሕዝብ ምስክር ነው። ወረዳ ደግሞ የተገናኘነውን አላነሳም፤ እዚያ እርስዎ ባይኖሩም ጉዳዬ አያልቅም ነበር።

ዛሬ ማታ ያዳነኝን ልንገርዎ። የሰፈራችን የቅርጫ ሰብሳቢ አሉ፣ ጡረታ የወጡ ጋሼ። እስክሪብቶ ጆሯቸው ላይ፣ ባለ ካሬ ደብተር ብብታቸው ውስጥ። በሬው ከተገዛ ቆይቷል፣ መደቡም ሞልቷል። ታሪኬን ሰምተው ከሳቁ በኋላ ደብተራቸውን ገለጡ፣ ጣታቸውን ከላይ ወደ ታች አወረዱ፣ «እገሌ ግማሹን ለመተው አስቦ ነበር፣ እሱን ውሰድ፤ ከበዓል በኋላ ትሰጠኛለህ» አሉኝ። ስሜን ጻፉ። በቃ። ፊርማ የለ፣ የእናት ስም የለ። ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ሥጋ ይደርሰኛል። ደብተሩ ጠፍቶባቸው አያውቅም፤ ሰው ሲበዛባቸው ደግሞ ጮክ ብለው ይሳደባሉ እንጂ «የሉም» አይባሉም።

ባለቤቴ ግን ሥጋው አልመለሳትም። «ገና ያለ ዶሮ?» ብላ ያንን ሁሉ ሽንኩርት እያየች ተቀምጣለች። ያ ሁሉ ሽንኩርት ለ12 ብልት የታሰበ ነው፣ ለቅርጫ ሥጋ ምን ያደርጋል? ልጆቹ «ዶሮው መቼ ነው የሚመጣው?» ሲሉኝ «በሂደት ላይ ነው» አልኳቸው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አሉ። ከርስዎ የተማርኩት ነው።

ስለዚህ የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። መሥራት ካልቻሉ ሁለቱንም ወገን እኩል ይክዱ፤ ከኔ ሲቀንሱ አለሁ፣ ለሰው ሲያደርሱ የለሁም አይበሉ። የእንኳን አደረሰዎውን ሜሴጅ የሚልክልዎትን ክፍል ወደ ገንዘብ ዝውውር ያዛውሩት፣ እሱ ጎበዝ ነው። እና ለጥምቀት ከመጡ፣ ጥር 11 ሰኞ ነው፣ ከወዲሁ ቀኑን ይያዙት።

ከሰላምታ ጋር

የተራ ቁጥሩ በእስክሪብቶ የተጻፈለት ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለባለቤቴ፦ «ዶሮው የታለ?» ለሚለው ጥያቄ ማብራሪያ እንዲሆን
ለሾላው ልጅ፦ 2,200ው ድንገት ከገባልህ ደውልልኝ፣ ስልኬ ሜሴጁ ላይ አለ
ከኋላዬ ለነበሩት እትዬ፦ ሽበቱ ፎቶሾፕ አለመሆኑን ለማሳወቅ